ሁለት ዲሽ ለአንድ ቴሌቪዥን

ከቤትዎ ጣራ ላይ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞሩ ሁለት ዲሾች ካሉ ወይም ሁለተኛውን ለማስተከል እያሰቡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ እርስዎን ይመለከታል። እንድንጽፈው ምክንያት የሆነን ከስድስት ኪሎ የደረሰን የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። ነገሩ የአንድ ቤት ችግር ቢመስልም በየሰፈሩ ያለ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም እንዲሆን አድርገን አቅርበነዋል።

እኚህ እናት የሚኖሩት ከየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ብዙም በማይርቅ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት የሉም። አማታቸውን ይጦራሉ፤ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ፤ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ደግሞ ለሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራይተዋል። ታላቋ ልጃቸው ቤይሩት ለጥቂት ዓመታት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ የዐረብኛ ድራማ ማየት ትወዳለች። ትንሹ ልጅ ካርቱን ይላል። አማትየዋ ግን በአማርኛ ከሚተላለፈው መንፈሳዊ መርሐ ግብርና ከምሽቱ ዜና በቀር ሌላ አይሹም። የሀገር ውስጡ በአንድ አቅጣጫ፣ የዐረቡ በሌላ አቅጣጫ ስለሚመጣ እናትየው ዕቁብ ሲደርሳቸው ሁለተኛ ዲሽ ገዙ።

ዲሹን ሊተክል የመጣው ሠራተኛ ከሁለቱ ዲሾች የወረዱትን ገመዶች ጫፋቸውን ልጦ እርስ በርስ ጠመዘዛቸው፤ በፕላስተር ጠቀለላቸውና አንድ ገመድ አድርጎ ወደ ሪሲቨሩ አስገባ። እርሱ ቤት ውስጥ ሳለ አንዳንድ ጣቢያዎች ታዩ። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ ዜና ሲደርስ የአማትየው ጣቢያ ጠፋ፤ ሌላው ደግሞ ምስሉ እየተቆራረጠ በካሬ በካሬ ይቆም ጀመር። ሠራተኛው ተጠርቶ ተመልሶ መጣ፣ ሁለተኛ ተከፈለው፣ አሁንም አልሆነም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ሪሲቨራችሁ ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዙ» ብሏቸዋል። እስከዚያው የ14 ዓመቱ ልጅ መላ አገኘ። አያቱ ዜና ሲፈልጉ ጣራ ላይ ወጥቶ የአንዱን ዲሽ ገመድ ይሰካል፤ እኅቱ ድራማ ስትፈልግ እንደገና ወጥቶ የሌላውን ይሰካል። ዝናብ ቢሆንም ይወጣል። እናትየው የሚጠይቁን አዲስ ሪሲቨር ይግዙ ወይስ አይግዙ ብለው ነው።

አይግዙ። በመጀመሪያ ግን ልጁን ከጣራ ላይ ያውርዱት። ስለ ገመዱ የምንለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የስድስት ኪሎና የአራዳ የቆዩ ቤቶች ቆርቆሮአቸው ብዙ ክረምት ያለፈበት ነው። ከሥሩ ያለው ማገር በምስጥ ተበልቶ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ይታያል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ከፖል ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ ነው፤ በብዙ ግቢዎች ከጣራው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ከፍታ ያልፋል፤ ልባሱም በፀሐይ ብዛት የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ረጥቦ በብረት ጣራ ላይ የቆመ ልጅ እንዲህ ያለውን ሽቦ በትከሻው ቢነካ የሚደርሰውን መግለጽ አያስፈልግም። ቴሌቪዥን ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ ማንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሁለት ዲሽ ለምን አስፈለገ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ስቱዲዮው እዚሁ ፒያሳ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ጣቢያው አንድ ስለነበረ የአንቴናው ነገር ቀላል ነበር። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት «ገና! ገና! ተው፣ እዚያው ላይ!» እያለ ይጮኻል፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ነፋስ ካልነቀነቀው በስተቀር የሚነካው የለም። ዛሬ ምስሉ የሚመጣው ከሰማይ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከእኛ ሲታዩ ከአንድ ቦታ የማይነቃነቁ ይመስላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ብዙዎቹ የዐረብኛ ጣቢያዎች፣ የኤም ቢ ሲዎቹን ጨምሮ፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ከሚገኘው ከናይልሳት ይመጣሉ። የእኛዎቹ ጣቢያዎችም ለብዙ ዓመታት ከዚያው አካባቢ ነበር የሚታዩት። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ሰው ሁሉ ዲሹን ወደ ምዕራብ ያዞረው ስለዚህ ነበር።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከሚባለው የሳተላይት ድርጅት ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ተጀመረ። የሀገር ውስጥ ጣቢያዎችም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኤን ኤስ ኤስ 12 ወደተባለ ሳተላይት ተሸጋገሩ። በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ ዲሽ አዙሩልን የሚለው ሰው ብዛት ሠራተኞቹን ቀን ከሌት አሯሩጧቸዋል። ዐረብኛውን የማይፈልግ ቤተሰብ ያለውን አንድ ዲሽ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ተገላገለ። ሁለቱንም የፈለገ ግን ሁለተኛ ዲሽ መትከል ነበረበት።

በነገራችን ላይ «አንዱ ዲሽ ላይ ሁለት ጭንቅላት አስሬ ሁለቱንም አመጣልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። ጭንቅላት የሚሉት ከዲሹ ፊት ለፊት በክንዱ ጫፍ የምትታሰረውን ኤል ኤን ቢን ነው። ይህ የሚሆነው ሳተላይቶቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው። ለምሳሌ ናይልሳት በ7 ዲግሪ፣ ጎረቤቱ ዩቴልሳት ደግሞ በ8 ዲግሪ ምዕራብ ስለሚገኙ አንዲቱ ኤል ኤን ቢ ብቻ ሁለቱንም ትቀበላለች። ከ7 ዲግሪ ምዕራብ እስከ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ግን 64 ዲግሪ ነው። ይህን ያህል የተራራቁትን በተለመደው ዓይነት አንድ ዲሽ ማየት አይቻልም። ስለዚህ እናትየው ሁለተኛ ዲሽ መግዛታቸው ትክክል ነበር። ስሕተቱ የተፈጸመው ገመዱ ላይ ነው።

ሁለቱም ኤል ኤን ቢዎች ከሰማይ የተቀበሉትን ዝቅ አድርገው በገመዱ ወደ ቤት የሚልኩት በአንድ ዓይነት የሞገድ መጠን ነው። ገመዶቹ እርስ በርስ ከተጠመዘዙ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጣው በአንድ ገመድ ውስጥ ይደራረባል። በአንድ ጆሮዎ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢያወሩብዎ የሁለቱንም አይሰሙም፤ ሪሲቨሩም እንደዚሁ ነው። አንደኛው ሲናገር ሌላው ዝም ባለበት ቦታ ላይ የሚገኙ ጥቂት ጣቢያዎች ግን ሊታዩ ይችላሉ። ሠራተኛው ቤት ውስጥ ሳለ ምስል መጣ የተባለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሠርቶ መስሎ እስኪከፈለው ድረስ በቂ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ኤል ኤን ቢዋ የምትሠራበትን ኤሌክትሪክ የምታገኘው በዚያው ገመድ ከሪሲቨሩ ነው። ሪሲቨሩ እንደ ጣቢያው ዓይነት አንድ ጊዜ 13 ቮልት፣ ሌላ ጊዜ 18 ቮልት እየላከ «ይህን ስጪኝ፣ ያንን ስጪኝ» ይላታል። ሁለቱ ሲጠመዘዙ ሁለቱም ትእዛዙን በአንድ ጊዜ ይፈጽማሉ፤ ሪሲቨሩም አንዲቱን ለመመገብ ተሠርቶ ሳለ ሁለቱን ይሸከማል። በዚህ ላይ የገመዱ የውጪው ጥልፍ ሽቦ ከመሐለኛው ጋር ከተነካካ ኤሌክትሪኩ እርስ በርሱ ይገናኝና ሪሲቨሩ በእርግጥ ሊበላሽ ይችላል። «ተቃጥሏል» የተባለው ሪሲቨር መቃጠል አለመቃጠሉን ለማወቅ አንዱን ዲሽ ብቻ በደህና ገመድ ማገናኘት ይበቃል። ልጁ በየቀኑ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ምስሉም በየተራ ሲመጣ ነበር። እንግዲህ ሪሲቨሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ዳይሴክ የሚባለው መቀያየሪያ ነው። ዩቴልሳት የተባለው የአውሮፓ የሳተላይት ድርጅት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ካወጣው አሠራር ስሙን የወሰደ ትንሽ ዕቃ ነው። የተለመደው ዓይነት በአንድ ወገን ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተጻፈባቸው አራት መሰኪያዎች፣ በሌላው ወገን ወደ ሪሲቨር የሚሄድ አንድ መሰኪያ አለው። የምሥራቁ ዲሽ ገመድ በ1 ቁጥር፣ የምዕራቡ በ2 ቁጥር ይገባል፤ የቀሩት ባዶ ይሆናሉ። ሪሲቨሩ ጣቢያ በተቀየረ ቁጥር በገመዱ ትንሽ ምልክት ይልካል፤ ዕቃውም ምልክቱን ሰምቶ የተጠራውን ዲሽ ብቻ ያገናኛል፣ ሌላውን ይዘጋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አያወሩም። ጣራ ላይ የሚወጣ ልጅም አያስፈልግም።

ሲገዙ ይጠንቀቁ። በየሱቁ ይህን የሚመስል ግን ሥራው ሌላ የሆነ፣ አንድን ገመድ ለሁለት የሚከፍል ዕቃ አለ። ያንን ገልብጠው ሁለት ዲሽ ለማገናኘት ቢጠቀሙበት ውጤቱ ገመዱን ከመጠምዘዝ አይለይም። ባለሱቁን «ዳይሴክ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መሰኪያዎቹ ላይ ቁጥር መኖሩንም ይመልከቱ። ዋጋው ከአዲስ ሪሲቨር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሠራተኛውን ለሦስት ጊዜ ምልልስ ከከፈሉት ጋር ማወዳደሩን ለእርስዎ እንተወዋለን።

ዕቃው በሚገጠምበት ጊዜ ሪሲቨሩ ከሶኬት መነቀል አለበት። ሪሲቨሩን በሪሞት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሶኬቱን ይንቀሉ። ብዙ ሠራተኞች ይህን ይዘነጉታል፤ እርስዎ ግን አጠገባቸው ቆመው ማስታወስ ይችላሉ። ዳይሴኩ ዝናብ በማይመታው ቦታ፣ ከኮርኒሱ ሥር ወይም ከዲሹ ጀርባ፣ መሰኪያዎቹ ወደ ታች ዞረው ይታሰር። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲታጠፍ ይደረግ፤ ውኃው ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ገመዱን ተከትሎ ግድግዳ ውስጥ አይገባም። ሁለቱ ገመዶች እንዳይምታቱ በምሥራቁ ላይ ቀይ፣ በምዕራቡ ላይ አረንጓዴ ክር እሰሩ፤ ጥልፍ ከሚሠራበት ቤት ክር አይታጣም። ሌላ ጊዜ ሌላ ሠራተኛ ቢመጣ ግማሽ ቀን ከመፈለግ ይድናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሪሞት የሚሠራ ሲሆን ማንም የቤት እመቤት ልትሠራው ትችላለች። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የሳተላይቶቹ ስም የተዘረዘረበት ቦታ አለ። ኢትዮሳትን ወይም ኤን ኤስ ኤስ 12ን መርጠው ዳይሴክ በሚለው መስመር ላይ 1፣ ናይልሳትን መርጠው በዚያው መስመር ላይ 2 ያድርጉ። አንዳንድ ሪሲቨሮች በቁጥር ፈንታ ኤ እና ቢ ይላሉ፤ ኤ 1፣ ቢ 2 ነው። ይህን ለይተው ካላስቀመጡ ዕቃው በትክክል ተገጥሞ እያለ ግማሹ ጣቢያ ሊጠፋ ይችላል። አጠገባችሁ ያለ ልጅ በሜኑው ሲጫወት ቁጥሩን ቢቀይረውም ያው ነው። ሠራተኛ ከመጥራትዎ በፊት ይህን አንድ መስመር ይመልከቱ። ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ምሥራቅ 1፣ ምዕራብ 2» ብለው ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይለጥፉት።

ምስሉ የጠፋው ከአንደኛው ዲሽ ብቻ ከሆነስ? ያን ጊዜ ነገሩ የሪሲቨሩ አይደለም፤ ቁጥሩ፣ ገመዱ ወይም ዲሹ ነው። ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ከዳይሴኩ ወደ ቤት የሚገባውን አንዱን ገመድ መጠርጠር ይገባል። ይህን ለይተው ለሠራተኛው ቢነግሩት «ሁሉንም ልቀይርልዎ» ለማለት አፉ አይደፍርም።

ዲሹ የሚያይበት ሰማይ ክፍት መሆኑን ማወቅም አስፈላጊ ነው። ከስድስት ኪሎ ሲታይ ኢትዮሳት የሚገኘው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ወደ አናት ይጠጋል። ናይልሳት ግን በቀጥታ ወደ ምዕራብ ሊባል በሚችል አቅጣጫ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። የእንጦጦ ተራራ በሰሜን ስለሆነ አንዱንም አይጋርድም፤ እንጦጦ ከለከለን የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። የሚጋርደው ጎረቤት የሚሠራው ፎቅና የቆየው ባሕር ዛፍ ነው። የምዕራቡን ዲሽ 20 ሜትር ርቆ የተሠራ ሕንፃ ከዲሹ 15 ሜትር ከፍ ካለ ሊከልለው ይችላል። የምሥራቁን ለመከለል ግን በዚያው ርቀት ላይ ያለ ሕንፃ 45 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ቦታ ማማረጥ ካስፈለገ ምዕራቡ በግልጽ የሚታይበትን ጥግ ለናይልሳቱ ዲሽ፣ ጠባቡንና በግድግዳ መካከል ያለውን ለኢትዮሳቱ ይስጡ። የኢትዮሳቱ ዲሽ መሬት ላይም፣ ግቢው ውስጥ በሲሚንቶ ተተክሎም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጣራ ላይ መውጣት የግድ ነው ያለ የለም።

ይህን በዓይን ለማረጋገጥ አንድ ብልሃት እንንገርዎ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በመስቀል ሰሞን ሌላው መጋቢት 7 ቀን አካባቢ፣ ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ሳተላይቱ ባለበት የሰማይ ቦታ ታልፋለች። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ በኢትዮሳት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ በናይልሳት አቅጣጫ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ዲሹ ሙሉ ለሙሉ ፀሐይ ከመታው መንገዱ ክፍት ነው፤ የዛፍ ወይም የሕንፃ ጥላ ካረፈበት ግን ሳተላይቱም ተጋርዶበታል። መመልከት ያለብዎ ዲሹን እንጂ ፀሐይዋን አይደለም። በእነዚሁ ጥቂት ቀናት በዚያው ሰዓት ምስሉ ለአፍታ ተቆራርጦ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ የፀሐይዋ ሞገድ የሳተላይቱን ስለሚያፍነው ነው። ሠራተኛ ሳይጠሩ ራሱ ይመለሳል።

በክረምትም እንዲሁ ነው። ኃይለኛ ዝናብና በረዶ ሲወርድ ምስሉ ይዳከማል። የምዕራቡ ሞገድ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ይረዝማል፤ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ካልተመለሰ ግን ውኃ ወደ ገመዱ ጫፍ ገብቶ ይሆናልና የመሰኪያውን ጫፍ ይመርምሩ፤ አረንጓዴ ዝገት ካዩ ተቆርጦ አዲስ ጫፍ ይግባለት። መብረቅ ሲበረታ ገመዱን ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅሎ መቀመጥ ደግ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ አንባቢዎቻችን አቅጣጫው ይለወጥ እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አዲሱ ቦታ ላይ ዲሹን በትክክል ለማቆም የሚከፈል የሠራተኛ ዋጋ አለ፤ «እዚህ ሳተላይቱ ሌላ ነው» ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ግን የለም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሁለቱን ዲሾች ያስማማል፤ አማትየዋንና የልጅ ልጃቸውን ግን አያስማማም። ዳይሴኩ ሁለቱን አቅጣጫዎች ወደ አንድ ሪሲቨር ቢያመጣም ሪሲቨሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አንዱን ብቻ ነው። ቤይሩት የኖረችው ልጅ የለመደችውን ቋንቋ መስማት መፈለጓ የሚያስወቅሳት አይደለም። አያትየው ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ትምህርት ቤትና ሥራ ውለው ሲመጡ እርሳቸው የሚጠብቋት አንዲት የዜና ሰዓት ናት። በደብዳቤው ላይ እንደተገለጸው ያቺ ሰዓት ስትደርስ «ይቅር፣ ለልጆቹ ተዉላቸው» እያሉ ወደ ክፍላቸው መግባት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለእኛ ከገመዱ ይልቅ የከበደን ይህ ነው። ሽማግሌ «ይቅር» ሲል ጉዳዩ ቀረ ማለት አይደለም። የዜናው ሰዓት የእርሳቸው እንደሆነ እናትየው በግልጽ ይንገሯቸው፤ ለልጆቹም እንደዚሁ። ቀን ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሚወዱትን ጣቢያ ማንንም ሳይለምኑ ራሳቸው የሚከፍቱበት መንገድ አለ። በሪሲቨሩ የተመረጡ ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ የእርሳቸውን ሦስት አራት ጣቢያዎች ብቻ ያስገቡ፤ በሪሞቱ ላይ ዝርዝሩን የሚከፍተውን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉበት። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ ቀዩን ተጭነው የፈለጉትን ያገኛሉ።

ሁለተኛ ዲሽ ያልገዙ አንባቢዎች ደግሞ ከመግዛታቸው በፊት ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውን ማን እንደሚያይ ቢያስቡ መልካም ነው። የጎረቤት ጣራ ላይ ስላለ ብቻ የተተከለ፣ በወሩ የዝንብና የአቧራ ማረፊያ የሆነ ዲሽ ብዙ አይተናል። በረመዳን የመካን ሶላት ለመከታተል፣ ዐረብኛ ላለመርሳት፣ ለልጆች ፊልም የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ግን ያለ ወርኃዊ ክፍያ ከናይልሳት የሚገኘው ብዙ ነው።

የተከራዮቹ ነገር ቀርቷል። ተማሪዎቹ በክፍላቸው ሌላ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር አላቸው፤ ከእናትየው ዲሽ ገመድ እንዲቀጠልላቸው ጠይቀዋል። ይህም በመጠምዘዝ የሚሆን አይደለም፤ አንዱ ሪሲቨር 13 ቮልት፣ ሌላው 18 ቮልት ሲልክ ይጣላሉ። በሁለቱም ዲሾች ላይ ያሉት ኤል ኤን ቢዎች ባለሁለት መውጫ በሆኑ ይለወጣሉ፤ ለተማሪዎቹ የራሳቸው ዳይሴክ ይገጠማል፤ ከእያንዳንዱ ዲሽ አንድ አንድ ገመድ ወደ እናትየው፣ አንድ አንድ ገመድ ወደ ተማሪዎቹ ዳይሴክ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሁለቱ ቤቶች ሳይነካኩ ያሻቸውን ያያሉ። የዚህን ወጪ የሚችሉት ተጨማሪውን የፈለጉት ተማሪዎች ናቸው፤ ከቤት ኪራዩ ጋር ሳይቀላቀል ስንት እንደከፈሉና ሲለቁ ምን ይዘው እንደሚሄዱ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ። ሠራተኛው ለዚህ ሲመጣ መሰላሉን ሌላ ሰው ይያዝለት፤ ልጁ ከታች ሆኖ ምስሉ መጣ አልመጣም እያለ ይጥራ። እግረ መንገዱንም ለፊተኛው ዲሽ የተበሱት የቆርቆሮ ቀዳዳዎች ክረምት ሳይገባ ይደፈኑ፤ እናትየው በደብዳቤአቸው ግርጌ ላይ በአማታቸው አልጋ በኩል ጣራው ያንጠባጥባል ብለዋል።